ማሰሪያው ያማረ ኬብል

አይ፣ አትነሺልኝ የኔ ልጅ። እዚሁ መስኮቱ ሥር ቁጭ እላለሁ፤ ብርሃኑ ለዓይኔ ጥሩ ነው። የሹራቤ ቁልፍ ላልቶብኝ፣ ሳይወድቅ ልስፋው ብዬ መርፌና ክር ይዤ መጣሁ። ይኸውልሽ፣ መቀስም አለኝ። ጠረጴዛሽ ጫፍ ላይ ላስቀምጠው፤ ለክር ብቻ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም...

ቀኑ እንዴት ያምራል ዛሬ! ነፋሱም ረገብ አለ። እናትሽ ሳሎን ሆና እንግዶቹን ሻይ እያጠጣች ነው። እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ እንግዳ ማቆየት ታውቅበታለች። ያቺ ወፍራም መነጽር ያደረገችው ሴትዮ ብቻ ሰዓቷን አየት ታደርጋለች... ምን አስቸኮላት? የኮሚቴ ሰው አይደለች እንዴ? የሕፃናት ክሊኒኩን ለአንቺ እንስጥ ወይስ ለሌላ አርክቴክት ብለው ዛሬ ሊወስኑ የመጡ ሰዎች፣ ንድፍሽን ሳያዩ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ? ይሄዳሉ እንዴ?

ደግሞ ለትልቅ ነገር ነው የሚጠብቁት። እነዚህን ሁለት ሞኒተሮች ተመልከቺማ! ግድግዳውን ሞሉት እኮ። ጥራታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ የበር ማጠፊያ ሳይቀር ያሳያሉ ብለሽኝ አልነበር? እኔማ ቅድም ፀጉሬን አበጠርኩባቸው። እንዲህ ጥቁር፣ እንዲህ አንጸባራቂ መስታወት የት ይገኛል! ላፕቶፑን ተይው፤ እሱ ላይ ሦስት ሰው አንገት ለአንገት ተቃቅፎ ነው የሚያየው፣ መስመሩም የጉንዳን እግር ነው።

እግርሽን ሰብሰብ አድርጊማ... እንዳትረግጪ። ከጠረጴዛው ሥር የወጡትን ካልሲዎች ማለቴ ነው። አየሽ፣ ስንት አገር ኖሬ፣ ስንት ሰው አይቼ፣ የተተኮሰ ካልሲ አይቼ አላውቅም ነበር። መስመሩ ራሱ ከተረከዝ እስከ ጣት ቀጥ ያለ! እኔም ሳላገባ የቀረሁት ካልሲ የሚተኩስ አጥቼ መሆን አለበት። የእጮኛሽን ስም አልጠራም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስሙን ሲጠሩት ይደነግጣል። ቀለበትሽ ግን ያምራል። ጠበብ አላለሽም? አይ፣ ጣትሽን ስታሻሺው አይቼ ነው... ይላላል ቀስ በቀስ።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ባለሙያ። በሰው አገር ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ። ሁሉም አንድ ናቸው፣ ምስኪኖች። መጀመሪያ ይሰካሉ፣ ከዚያ ይሞክራሉ፣ ሲሠራላቸው ነው ገመዱን ሰብስበው የሚያስሩት። ምናብ የላቸውም! ቀድሞ አስሮ፣ በኋላ መሞከርን ያየሁት ገና አሁን፣ ከተመለስኩ በኋላ፣ በዚህች ክፍል ነው። ትናንት አንድም ነገር ሳይሰካ ኬብሉ ሁሉ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተጠፈረ፣ በጠረጴዛው እግር ወረደ፣ በጀርባው ዞረ፣ የማሰሪያዎቹ ትርፍ ጫፍ እንኳ በጥፍር መቁረጫ ተስተካከለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። ከዓይን ያውጣው! ሹሩባ የሠራ እንጂ ኬብል ያሰረ አይመስልም ነበር።

ይቺ ቀጭን ሳጥን ዶክ ናት አይደል የምትባለው? ደስ ስትል! ሞኒተሩም፣ ማውሱም፣ ኪቦርዱም እሷ ላይ ይሰካል፤ እሷ ደግሞ በአንዲት ገመድ ላፕቶፑ ላይ። ያቺ አንዲት ገመድ ብቻ ትንሽ ጠብቃ ታስራለች መሰለኝ፣ በግራ በኩል ያለችው ቀዳዳ ጋ ደርሳ ቁጭ ትላለች፤ ወደ ቀኟ ብትጎተት አትሄድም። ግራዋ ምን ጎደላት? ባትሪው ይሞላል። ማውሱ ይሄዳል። ኪቦርዱ ይጽፋል። ምስል ብቻ ነው የማይመጣው። ምስል ብቻ! ከሞኒተር ምስል መጠበቅ ራሱ ስግብግብነት አይመስልሽም?

የቸርነቱን ነገር ደግሞ ላንሳልሽ። ጥፋት ሲከፋፈል እንደ ዛሬ ሲትረፈረፍ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ለመብራቱ ደረሰው፣ ኃይሉ አነሰ ተባለ። ከዚያ ለሻጩ፣ የማይረባ ዕቃ ሸጦ ነው ተባለ። ከዚያ ለሞኒተሮቹ፣ ገና እየሞቁ ነው ተባለ... የእንጀራ ምጣድ ናቸው እንዴ አላልኩም፣ ምላሴን ነከስኩ። ቀጥሎ አንቺም አልተረሳሽም፤ «ምን ነክተሽ ነው?» ተባልሽ። አየሽ ልግስና? ለሁሉም ሲያድል ሲያድል ለራሱ ቅንጣት አላስቀረም። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን ይገኛል?

አልሳቅሁም እኮ... ክሩ ጉሮሮዬ ገብቶ ነው።

ቅድም ደግሞ አንዱን ሞኒተር በዚያ ወፍራም ኬብል በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስትሰኪው፣ መጣ እኮ! ክሊኒኩ ወለል ብሎ መጣ፣ የሕፃናቱ መጠበቂያ፣ መስኮቱ፣ ዛፏ ሳትቀር። እልል ልል አፌን ስከፍት ተነቀለ። ለምን ቢባል፣ ኬብሉ ጠረጴዛው ላይ ተንጋዶ ያስጠላል። እውነት ነው፣ ያስጠላል። እንግዶቹ የመጡት ገመድ ሊያዩ እንጂ ንድፍ ሊያዩ ነው እንዴ?

ጠዋት ቀስ ብለሽ ያልሽውንም ሰምቼሻለሁ። ዓይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ ደህና ነው። «መሥሪያ ቤት በቀኝ በኩል ነው የምሰካው፤ ምስል የምታሳልፈው ያቺ ናት» አልሽ። ሁለቴ አልሽው። «ተዪኝ፣ ያሰርኩትን አታስፈቺኝ» ተባልሽና ተውሽ። ደግ አደረግሽ። ጨዋ ልጅ እንዲህ ናት። ድሮ፣ ጥርስሽ እንኳ በቅሎ ሳያልቅ፣ ባሕር ማዶ ሆኜ በስልክ ሳወራሽ «ተሳስተሻል አክስቴ!» ብለሽ ትጮሂብኝ ነበር። ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ በዚያ ብርድ አገር የሚያስቀኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አሁን አደግሽ። ድምፅሽም አደበ... ተሻሻልሽ፣ ምን ይባላል።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ጀግናው ፈረስ ላይ፣ ጀግናው መርከብ ላይ፣ ጀግናው እስር ቤት... ጀግናው ጠረጴዛ ሥር ሆኖ እግሩ ብቻ የሚታይበት ግን አንድም አላጋጠመኝ። ደራሲዎቹ ምን ነካቸው?

እስቲ ዝም በዪ... ወንበር ተንቀሳቀሰ? የእናትሽ ሳቅ አጠረብኝ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ዘጋች፤ ጠቅ ሲል ሰማሁት። ምንም አይደለም፣ ይሂዱ እንጂ! አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሽው ንድፍ ነው፣ ሌላ ዓመት ይመጣል። ሌላ ክሊኒክም ይሠራል፣ ሕፃን መታመሙ አይቀር። ይህ የኬብል አስተሳሰር ግን ከፈረሰ አይመለስም...

ምን ፈለግሽ? መቀሱን? ውሰጂው፣ ክሬን ጨርሻለሁ።

ውይ! ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ? ቆረጥሽው? አቤት ድምፁ ሲያምር! ሌላውንም? ኧረ ቀስ በዪ፣ ካልሲው! ኧረ ድገሚው! እይ እይ እይ... ለካ ገመዱ ረጅም ኖሯል! ከጀርባው ተጠፍሮ ነው እንጂ ለእናትሽ ሳሎንም ይበቃል! በቀኝ... አዎ፣ በቀኝ ሰኪው...

እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! መጣ፣ ሁለቱም መጣ! በግራው መጠበቂያው፣ በቀኙ የሐኪሞቹ ክፍል፤ ማጠፊያው፣ ማጠፊያው ራሱ ታየኝ፣ ያለ መነጽር! ልጨፍር ነው፣ ያዢኝ፤ መርፌው እጄ ላይ ነው!

ምንድን ነው የተንኳኳው? ግንባር ነው? ጠረጴዛው ተረፈ? ተዪው፣ አትጎንበሺ፤ ሂጂና እናትሽን ጥሪያት። ግቡ በያቸው! ጮክ ብለሽ! አዎ፣ በዚያ በድሮው ድምፅሽ!

*

ሄዱ? በሩን ዘጋሽው? ነይ፣ እዚህ ጎኔ ቁጭ በዪ፣ ልሳምሽ። ሴትዮዋ ማጠፊያው ጋ ጎንበስ ብላ «በሩ ወደ ውጭ መከፈቱ በአልጋ እየተገፋ ለሚገባ ሕፃን ነው አይደል?» ስትል አላለቀስኩም፤ ዓይኔ ነው። «ሥራውን መቼ ትጀምሪልናለሽ?» ስትልሽስ? ፊትሽን ባየሽው! እናትሽማ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ነው ያቀፈቻት።

ንግግሩንም ሰማሽ አይደል? ግንባሩን በመሐረብ እያሻሸ ከሞኒተሮቹ ፊት ቆሞ፣ «እንዲሞቁ ትንሽ ጊዜ እንደሚፈልጉ አውቄ ነበር፤ አስተካክዬላታለሁ» ሲላቸው። እንዴት ያለ እርጋታ ነው! እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እላለሁ። አንዳንዱ ግን ያው ቀጥ ያለ ነው፣ ከላይ እስከ ካልሲው። ለአንቺ ብሎ እንዳታፍሪ ነው መሰለኝ። አንቺ ግን መቀሱን ከእጅሽ አላስቀመጥሽም፤ አይቼሻለሁ።

ያ ምን ድምፅ ነው? ጠረጴዛው ሥር? እንግዳ ከመውጣቱ ተመለሰ? አቤት ትጋት! አዲስ ማሰሪያ ነው የሚስበው። ወደ ግራ ነው መሰለኝ... አዎ፣ ወደ ግራ። ሞኒተሮቹም ጠፉልን። ፀጉሬን ላስተካክልባቸው።

ቁልፌም ተሰፋች፤ ልነሣ። መቀሱን ትቼልሽ ነው የምሄደው፤ ለሠርግሽ ስጦታ ምን እንደምሰጥሽ ሳስብ ነበር የከረምኩት፣ ዛሬ ተገላገልኩ። አዲስ ነው፣ ብረቱ ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነገርም ይቆርጣል።

በይ እጅሽን ስጪኝ ልመርቅሽ። ያቺን ቀለበት ያለባትን። እግዚአብሔር ትዳራችሁን እንደዚህ ኬብል ያሳምርላችሁ። ሳይሞከር የታሰረ፣ ጥብቅ ያለ፣ ትርፍ የሌለው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀው፣ እናንተም ከፊቱ ተቀምጣችሁ ዕድሜ ልካችሁን የራሳችሁን ፊት የምታዩበት ያድርግላችሁ።

አሜን በዪ እንጂ የኔ ልጅ... ካልሲዎቹ እንኳ አሜን ብለዋል።