ሁለት ኪሎ ሲቀራት

ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በምኖርበት የፈረንጅ አገር ወደ ሪንከቢ ሰፈር በሚሄደው ባቡር ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ ጓደኛቸው በአማርኛ ያወሩ ነበር።

«አልማዝን አየኋት፤ ሸንቀጥ ብላለች እኮ!»

«ስምንት ኪሎ ቀነሰች። ሁለት ኪሎ ደግሞ ስትቀንስ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ያደርጉላታል።»

«ስንቴ ጀምራ ትታው የለ እንዴ? አሁን እንዴት ቻለችበት?»

«ነርሷ ናት የነቃችባት። ‹የምትበዪው ሲርብሽ ሳይሆን ሲከፋሽ ነው› አለቻት። ይኸው ደስ ብሏት በእግሯ ትሄዳለች፣ ትስቃለች።»

«ለዚህ ነዋ መርዶውን ያልነገራችኋት?»

«ቀስ በይ!»

«እዚህ አማርኛ ማን ይሰማል ብለሽ ነው?»

«እናቷ መሞታቸውን ብትሰማ የዚያኑ ዕለት ፍሪጁን ከፍታ ነው የምትቀመጠው።»

«አራት ወር ሙሉ! አገር ቤት ስትደውልስ?»

«‹ጠበል ሄደዋል፣ እዚያ ስልክ የለም› ይሏታል።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ እግዜርን አትፈሪም?»

«ኦፕራሲዮኑ ይለቅ እንጂ ሁላችንም ተሰብስበን እናረዳታለን።»

«ያን ጊዜ ምን እንደምትላችሁ አስበሽዋል?»

«በሁለት እግሯ ቆማ ትስደበኝ።»

በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ደወልኩና፣ ወንድሜ «እማዬ ደህና ናት» ሲለኝ፣ ራሷ መጥታ እስክታናግረኝ ድረስ ስልኩን አልዘጋም አልኩት።