ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የቀረው ይቅርታ

አዘጋጁና የእህታቸው ልጅ የተገናኙት ሳያስቡት ነው። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ሁለቱም የጋዜጣ ሻጩ ሸራ ሥር ገቡ። አዘጋጁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ያዘጋጇትን የሙዚቃ መጽሔት ረቂቅ በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ማተሚያ ቤት እየወሰዱ ነበር። ልጅቷ የገጽ ቅንብር ተምራ ከተመረቀች ገና ዓመት አልሞላትም። ዕትሙ ባለፈው ወር ለሞተው የአንድ ዝነኛ ባንድ የቀድሞ ሳክስፎን ተጫዋች መታሰቢያ ነው። ሟቹ የልጅነት ጓደኛቸው ነበር፤ ተኳርፈው ሳይታረቁ መለያየታቸው አዘጋጁን እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

ልጅቷ ረቂቁን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ተመልሳ ሽፋኑን አተኩራ አየች።

“ምነው፣ አፍሽን ያዘሽ?”

“ካልተቆጡኝ ልናገር፣ አጎቴ። የመጽሔት ስም ከላይ የሚጻፈው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። መደርደሪያውን ይዩት፤ የሁሉም ግርጌ በሌላው ተሸፍኗል። የእርስዎ መጽሔት ስሟ ከታች ነው። የት አለች?”

አዘጋጁ ከላይ እስከ ታች ቃኙ። የገዛ መጽሔታቸውን ማግኘት አቃታቸው።

“የፈለገ ፈልጎ ያገኛታል” አሉ ኮስተር ብለው። “ስም ከላይ፣ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ማውጫ፣ ዓምድ! ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እኔ የሰው ግልባጭ አልሆንም። ደግሞስ አሥራ አንዱንም የባንዱን አባላት ሽፋኑ ላይ ካላወጣሁ ስንቱ ይቀየመኛል?”

“ሁሉም ከወጡ ሟቹን ማን ያየዋል? ፊቱ ጥፍር አክሏል እኮ።”

የአጎትየው ግትርነት የታወቀ ነው። ሰው በቀኝ ሲሄድ እሳቸው በግራ ካልሄዱ ያነሱ ይመስላቸዋል።

“ይሄ ጽሑፍ ደግሞ መሐል ላይ ተቋርጧል” አለች። “ቀሪው የት ገባ?”

“ገጽ ሃያ ስድስት፣ ከማስታወቂያው ሥር።”

“ወደዚያ ዞሯል የሚል ነገር የለም።”

“ቦታ ጠበበኝ። ብልህ አንባቢ ይደርስበታል።”

ይህን ጊዜ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያለፈው ዕትም ገጽ ጎድሎት ነበር እንዴ?”

“አልጎደለውም። ምነው?”

“የሳክስፎን ተጫዋቹ ባለቤት ገዝተው በማግስቱ መለሱት። ሆስፒታል ለባላቸው ሲያነቡላቸው መሐል ላይ ቆመ አሉኝ። ሌላ ሰጠኋቸው፤ ያም እዚያው ቆመ። ‘ባለቤቴ፣ ጓደኛዬ ወቅሶኝ ብቻ ተወኝ ይላል’ ብለው አለቀሱ። በሳምንቱ ነው መሰለኝ ሰውየው ያረፉት።”

አዘጋጁ ባለፈው ዕትም ስለ ጓደኛቸው በጻፉት ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ባንዱን ጥሎ መሄዱን አንስተው ክፉኛ ወቅሰውታል። መጨረሻው ላይ ግን፣ ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከጫማ ማስታወቂያ ሥር፣ “ያስቀየምኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ” ብለው ጽፈዋል። ይደውልልኛል ብለው ሲጠብቁ ሰነበቱ። ሳይደውል ሲሞት ቂመኛ ነው ብለው አዝነውበት ነበር።

“ወቀሳውን ብቻ ነው የሰማው” አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ልጅቷ ክንዳቸውን ያዘች። “ይህ የገጽ ቅንብር ወግ የወጣው ሰውን ለመምሰል አይደለም፣ አጎቴ። የቸኮለም፣ የታመመም፣ ዓይኑ የደከመም ሰው ሳይጠፋበት እንዲያነብ ነው። አዲስ ነገር ካለዎት በሐሳብዎ ያሳዩ፤ መንገዱን ግን አንባቢው ይወቀው።”

ዝናቡ አባርቶ እንኳ አዘጋጁ አልተንቀሳቀሱም። በመጨረሻ በእጇ ያለውን ረቂቅ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። “ውሰጂው። እንደተማርሽው አድርጊው።”

መታሰቢያው በአዲስ መልክ ወጣ። የመጽሔቷ ስም ከላይ፣ ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ፊት፣ ማውጫው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ጽሑፉ በሦስት ዓምድ፤ ወደ ሌላ ገጽ የሚዞረው ሁሉ ወዴት እንደሚዞር ተጽፎበታል። ሻጩ በሁለት ቀን ሸጦ ጨረሰው። መነጽር የሚያደርጉ የድሮ አንባቢዎች አሁን ገና ደከመን ሳንል አነበብን አሉ። ከባንዱ አባላትም የተቀየመ አልተገኘም።

አዘጋጁ አንዱን ቅጂ ለጓደኛቸው ሚስት ይዘውላት ሄዱ። ያ ይቅርታ አሁን የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ነው። ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ የትም ላይ አልተቋረጠም። ከዚያ መጽሔቱን ዘግታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

“ያን ቀን ይህን አንብቤለት ቢሆን ይደውልልህ ነበር” አለች። “ስልኩ እኮ ትራሱ ሥር ነበር።”