የወይዘሮ ሂሳኖ ቁልቋል

በጃፓን በካሱጋይ ከተማ የሚኖሩት ወይዘሮ ሂሳኖ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ቁልቋሎች ሞተውባቸዋል። ሟቹ ከዘር አንሥተው ሠላሳ ዓመት ያሳደጉት የመጨረሻው ቁልቋል ከሥሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ ደንግጠው እንደ ወትሮው ጥቁር አፈርና ፍግ ሊገዙ ወጡ። ገዝተው ሲወጡ ከሱቁ ደጅ ላይ ከእርሻ ኮሌጅ ለዕረፍት የመጣችውን የጎረቤታቸውን ልጅ ናትሱሜን አገኙ።

«ከረጢቱን ልያዝልዎት እማማ። ለጎመን ነው?»

«ለቁልቋሌ ነው እንጂ! ከስቶብኛል፣ ላበላው ነው።»

«በዚህ አፈርማ ይሞትብዎታል። የሚፈልገው ጠጠር ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አፈር ስዝቅ ያረጀሁ ሴት ነኝ! በደረቅ ጠጠር ማን ወፍሮ ያውቃል?»

«ለጎመኑ እውነትዎን ነው። ቁልቋል ግን የበረሃ ልጅ ነው፤ ጠጥቶ ቶሎ መድረቅ ይፈልጋል። እርጥብ ካልሲ አድርገው ሳምንት ቢውሉ እግርዎ ምን ይሆናል?»

«ይሸታላ!» አሉ ሳይወዱ እየሳቁ።

ሰው የኖረበትን ልማድ በክርክር ብቻ አይተውም፤ በዓይኑ ማየት አለበት። ናትሱሜ ይህን ስለምታውቅ ቤታቸው ገብታ በአንዱ የአበባ ማሰሮ ጥቁሩን አፈር ሞላች። በሌላው ሁለት እጅ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቁ ተነፍቶ የወጣለት አፈር ቀላቀለች። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ስኒ ውሃ ስታፈስ፣ ከጠጠሩ ወዲያው ወረደ፤ ጥቁሩ ግን እንዳቆረ ቀረ። ከዚያ ቁልቋሉን ነቀሉት። ግማሹ ሥር በስብሶ ጠቁሯል።

ወይዘሮ ሂሳኖ ቁጭ አሉ። «ሦስቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኛ! የባሌን አደራ ያጎደልኩ መስሎኝ እኮ ነው እንዲያ የመገብኳቸው።»

«ፍቅር አልጎደለባቸውም እማማ። ያጠራቸው አየር ነው።»

አሮጊቷ ተነሥተው፣ «በይ እንግዲህ ቢላዋውን ላምጣልሽ» አሉ።

የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ዐሥር ቀን በጥላ አቆይተው፣ በአዲሱ ቅልቅል ተከሉት። ውሃውንም ሌላ ሳምንት ከለከሉት፤ ይህ ለወይዘሮ ሂሳኖ ከሁሉ የከበደ ነበር።

አፈሩ ሲተነፍስ ሥር አይበሰብስም፤ ውሃ በየቀኑ ማጠጣት ይቀራል፤ ተክሉም ከአሳዳጊው ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የቁልቋሉ አናት በሐምሌ አዲስ እሾህ አወጣ።

ናትሱሜ በነሐሴ ለሙታን መታሰቢያ በዓል ስትመለስ ወይዘሮ ሂሳኖ በር ላይ ጠበቋትና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከኋላቸው ሦስት አሮጊቶች፣ እያንዳንዳቸው የታመመ ቁልቋል ታቅፈው ቆመዋል።

«መምህሬ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉ ወይዘሮ ሂሳኖ፤ «ጠጠሩን እኔ ነፍቼ ጨርሻለሁ። አንቺ ግቢና አስረጃቸው፤ እኔንማ እንቢ ብለውኛል።»