ከአጥር የተቆረጠው ቅጠል

ወተት ሻጯ ላሟን ቦራን ለማስሮጥ ገመድ ስትጎትት፣ አንድ ወጣት በሩ ላይ ብቅ አለ። የሞተሩ ጎማ ተንፍሶበት መንፊያ ሊለምን ነው የመጣው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ መንፊያ አያጡም?»

«ላሜ እየሞተችብኝ ስለ ጎማ ታወራኛለህ?»

ቦራን ከጥጃነቷ ጀምሮ በጡጦ አጥብታ ነው ያሳደገቻት። አሁን ለሃጯ ይዝረበረባል፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ወተት ሻጯ በአንድ እጇ ገመድ፣ በሌላው ዘይት የሞላ ጠርሙስ ይዛለች።

«የከብት ሐኪም ነኝ» አለ ወጣቱ። «እባክዎ ገመዱን ይልቀቁት።»

«ትሩጥ እንጂ! ስትሮጥ ያልባትና ይወጣላታል። እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው።»

«እናትዎን አከብራለሁ። ግን መርዛም ተክል በልታ ከሆነ ልቧ ደክሟል። ብትሮጥ ባለችበት ትወድቃለች።»

«እሺ፣ ዘይቱስ ምን በደለ?»

«መዋጥ ላቃታት ላም ከጋቷት ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከመርዙ ብትተርፍ በዘይቱ ትሞታለች።»

እልኸኛ ሰው ተሳስቻለሁ ለማለት ዓመት ይፈጅበታል። ወተት ሻጯ ግን ከእልኋ ቦራ ትበልጥባታለችና ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች። አፏ ግን አላረፈም።

«መርዝ ከእኔ ቤት? ገንዳውን ጠርጌ አጥቤዋለሁ፣ ገብተህ እይ!»

«ጥራጊውን የት ጣሉት?»

«ለጥራጊ ደግሞ ምን አስቸኮለህ?»

«የበላችውን ሳላውቅ ምን ልስጣት?»

እያጉረመረመች ጥራጊውን የሞላችበትን ጆንያ ዘረገፈችው። ረጃጅም፣ ወፍራም ቅጠሎች ወጡ። ሐኪሙ አንዱን ሲያነሳ ፊቱ ጨለመ።

«ይህ የአጥር አበባ ነው። ሲጠወልግም መርዙ አይለቀውም።»

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው በሚያዋስናቸው ግንብ ላይ አንገቱን አሰገገ። «ወይ ጉዴ! ጠዋት የደጄን የአበባ አጥር ከርክሜ ገንዳቸው ውስጥ የጣልኩላቸው እኔ ነኝ። ላሞችሽን ደስ ይበላቸው ብዬ እኮ ነው!»

«ጋሼ፣ ደስታቸውን አየኸው?»

«እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ አረንጓዴ ሁሉ ሣር ይመስለኛል።»

ሐኪሙ ሌሎቹን ላሞች ከገንዳው አራቀ፤ ከቦርሳው ጥቁር የከሰል ዱቄት አውጥቶ በውሃ በጠበጠ።

«ከሰል? ልታበስልብኝ ነው?»

«መርዙን ሆዷ ውስጥ ይዞ እንዲያስቀርልን ነው። እኔ በቱቦ አወርደዋለሁ፤ እርስዎ በጠርሙስ እንዳይሞክሩት። እንደምትድን ቃል አልገባም። ወተቷን ግን እኔ እስክፈቅድ ይድፉት፤ ሰውም ጥጃም አይቅመሰው።»

«ወተት ደፍቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ይጀምሩ።»

ደፋች። ቦራ ስትተኛም ስትነሳም ወተት ሻጯ ከአጠገቧ አልራቀችም፤ የሐኪሙን ጎማ እንኳ የነፋለት ልብስ ሰፊው ነው። በሦስተኛው ቀን ቦራ ሣር ጎርሳ አመነዠከች። ወተት ሻጯ ግንባሯን ከላሟ ግንባር ጋር አስደግፋ፣ «እንኳን ያ ጎማ ተነፈሰ» አለች።

ዛሬ ከብት ያለው ሁሉ ሲጠይቃት እንዲህ ትለዋለች፦ የታመመችውን አታሩጥ፤ በግምት ምንም አትጋት፤ ሌሎቹን ከመኖው አርቅ፤ የበላችውን ሳትጥል ለሐኪም አሳይ። የእሷ ቦራ የተረፈችው እንዲህ ነው፤ ከሌሎቹም አንዷ እንኳ አልታመመችም።

ያን ቅጠል በላስቲክ ጠቅልላ በረቱ በር ላይ፣ ላም በማይደርስበት ከፍታ ሰቅላዋለች። አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ለይቅርታ እቅፍ ሙሉ ቅጠል ይዞ መጣ።

«ቁም! መጀመሪያ ከተሰቀለው ጋር አስተያየው። ከዚያ ስሙን ንገረኝ።»

«ጎመን ነው እኮ! አንቺም ትበዪዋለሽ!»

«እንግዲያው አንተ ቅመሰው።»

ልብስ ሰፊው እየሳቀ አንዱን ቅጠል ሲያኝክ፣ ቦራ ከኋላው አንገቷን አስግጋ የቀረውን ከእቅፉ መነተፈችው።