የዕድሩ ዕቃ ቤትና የሐመልማል ዕቅድ

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍራሽ ልገዛ መርካቶ ሄጄ ጭድ ተራ ስደርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ኦዲት የማስተምራት ሐመልማል ቶማስ ከቡድን ጓደኛዋ ከፉርቃን ጋር አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ለኮርሱ ማሟያ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተቋም መርጦ የኦዲት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ አዝዤ ነበር። እነሱ የሰፈራቸውን ዕድር መርጠው የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ሊያስፈቅዱ መምጣታቸውን ነገሩኝ።

ኃላፊው የሱቁ ባለቤት ጋሼ ይገረም ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ብድግ ብለው የራሳቸውን ወንበር ለቀቁልኝ። ለልጆቹ ጥያቄ የሰጡት መልስ ግን ቁርጥ ያለ ነበር።

«ልጄ፣ የዕድሩን ድንኳንና ድስት ስድስት ዓመት ስይዝ አንድ ጭልፋ አልጠፋብኝም። ኦዲተር የሚጠራው ሰው ሲጠረጠር ነው። እናንተ ዛሬ ወረቀት ይዛችሁ ብትገቡ፣ ነገ ሰፈሩ ‹ይገረም ምን አጥፍቶ ነው› ይላል። ከተማመንን ቆጠራ ምን ይሠራል?»

ፉርቃን ወረቀቱን ዘርግቶ በትሕትና ያስረዳቸው ጀመር። ለጊዜው ምንም ነገር እንደማይቆጠር፣ ዕቅድ ማለት የትኛው ዕቃ በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል፣ ማን ምኑን እንደሚያይ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሠራ አስቀድሞ መነጋገር መሆኑን ነገራቸው። ከቡድኑም ማንም ሰው ለብቻው ዕቃ ቤት እንደማይገባ አከለበት። ጋሼ ይገረም አዳመጡት፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ጣልቃ ልገባ አሰብኩና ተውኩት። እኔ ብናገር አፍረው እሺ ይሉ ይሆናል እንጂ ከልባቸው አይቀበሉም።

«ጋሼ፣» አለች ሐመልማል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከእርስዎ በፊት ቁልፉን የያዘው አባቴ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር፤ የቀረውንም ያኔ ከእሷ ሰማሁ። አባቷ ቶማስ በድንገት ሲሞት፣ ለራሱ ለቅሶ ድንኳን ሊተከል ዕቃ ቤቱ ሲከፈት፣ ሁለት ድንኳን ጎደለ ተባለ። ፊት ለፊት የተናገረ ሰው አልነበረም። ሹክሹክታው ግን ሐዘን ላይ ከተቀመጠችው እናቷ ጆሮ ደረሰ፤ እትዬ አመተ ሥላሴም ከዚያ ወዲህ የዕድሩን ስብሰባ ረግጣ አታውቅም።

«አባቴን ታምኑት ስለነበር ቆጥራችሁ አላስረከባችሁትም» አለች ሐመልማል። «ይህን ትምህርት የመረጥኩት ስሙን ላጠራለት ብዬ ነው። አሁን ስማረው ግን እንደማልችል ገባኝ፤ መነሻው አልተጻፈም። የእርስዎን ግን ዛሬ መጻፍ እንችላለን። ጠርጥሬዎት አይደለም፤ ስለምወድዎት ነው።»

አንድ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ጠየቀ፤ ጋሼ ይገረም ቆይተህ ተመለስ አሉት።

«እኔም የተረከብኩት ቁልፉን ብቻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ‹ሁለት ድንኳን ጎደለ› ሲሉ ‹ከስንቱ?› ብዬ አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ ነበር፤ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ለሌላ ሰፈር ዕድር የሚዋሰው ዕቃ የት እንደተጻፈ ጠየቁ። የትም አልተጻፈም ነበር። በቶማስ ጊዜ ድንኳን በቃል ብቻ ይዋስ እንደነበር፣ ሳይመለስ የቀረም ሊኖር እንደሚችል ሲነግሯት የሐመልማል ዓይን እንባ ሞላ። በአባቷ ጊዜ የጎደሉት ድንኳኖች እንዲያ ሆነው ይሆን? ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆንም ፉርቃን የውሰቱን ጉዳይ በዕቅዱ የመጀመሪያ ተራ ላይ ጻፈው።

በሰኔው የዕድር ስብሰባ ቆጠራው ይደረግ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ጋሼ ይገረም ናቸው። እትዬ አመተ ሥላሴንም ቤቷ ሄደው ለምነው አምጥተዋታል። በአባላቱ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦ «ቶማስን ሳንቆጥርለት አስረከብነው፤ ሳንቆጥር አማነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅር በይን፣ እትዬ።»

ዛሬ በዕድሩ ዕቃ የሚዋስ ይፈርማል፤ ሲመልስም ይሰረዝለታል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። የተቀደደ ድንኳን ለቅሶ ሳይደርስ ይሰፋል፤ አባሉ ያለውን ያውቃል፤ ኃላፊውም ያለ ስጋት ያድራል። አንባቢ ሆይ፣ ሰውን ማመን መልካም ነው። ነገር ግን ያመንነው ሰው ራሱ መልስ መስጠት በማይችልበት ቀን የሚመሰክርለት ጽሑፍ ካላስቀመጥንለት፣ አምነነው ሳይሆን ለሐሜት አጋልጠነው ኖረናል ማለት ነው።

በዚያ የሰኔ ስብሰባ ዕለት ዕድሩ ዕቃ ቤቱ በሁለት ቁልፍ እንዲዘጋ ወሰነ። አንዱ በጋሼ ይገረም እጅ ቀረ። ሁለተኛውን ማን ይያዝ ሲባል እሳቸው ቀድመው ተነሡና ለእትዬ አመተ ሥላሴ ሰጧት፤ እሷም ቆጥሬ ካልተረከብኩ አልይዝም አለች።