የይታያል ኮፍያ

ደብረ ብርሃን ከተማ ዳር፣ ከቀትር በኋላ፤ ወይዘሮ አስካለ ቤታቸው ተቀምጠው የልጅ ኮፍያ በሹራብ ይሠራሉ፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ የመጣችው ስመኝ በራፉ ላይ ቆማለች።

ስመኝ፦ ሌላ ምንም አልፈልግም እትዬ አስካለ። እንዲህ ዓይነት ኮፍያ ብዙ ሠርቻለሁ ይበሉልኝ። ለባሌም ለፖሊሶቹም ይኼንኑ ይንገሩልኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።

አስካለ፦ መጀመሪያ ግቢ። በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር አይመስልም። መልክሽን መጠለያው ውስጥ አይቸዋለሁ፣ ስምሽ ነው የጠፋኝ።

ስመኝ፦ ስመኝ ነኝ፣ የይታያል እናት። ጭርት ይዞት ጭንቅላቱን ተላጭቶ የነበረው ልጅ። ከሴቶች ማኅበራችሁ ጋር ኮፍያ ልታድሉ የመጣችሁ ጊዜ በእጅዎ ያጠለቁለት እርስዎ ነዎት።

አስካለ፦ አስታወስኩት። ሰልፍ መቆም አፍሮ ከውኃ በርሜሉ ኋላ ተደብቆ ነበር። ልጆቹ መላጣው እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ ብለውት። ሄጄ አጠለቅሁለት፣ ትንሽ ሰፋው፣ ማሰሪያውን አገጩ ሥር ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት። ምን ሆነ?

ስመኝ፦ ጠፋብኝ።

አስካለ፦ ተቀመጪ ልጄ። እዚህ፣ አጠገቤ።

ስመኝ፦ ብቀመጥ መነሳት የምችል አይመስለኝም። ቆሜ ልንገርዎት። ያ ኃይለኛው ዝናብ የጣለ ዕለት ነው። ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ትልልቆቹ ልጆች ጭራሮ ልንለቅም ነው ብለው ወደ ወንዙ ማዶ ሲወርዱ ተከተላቸው። አትሂድ አላልኩትም። ማገዶ ሁላችንም ያስፈልገናል፣ እሱ ደግሞ ከተላጨ ወዲህ ልጆች አብረውት ሲሄዱ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለኝ እንዲያውም።

አስካለ፦ እሺ።

ስመኝ፦ እኛ ዘንድ ጠብታ ሳይጥል ላይ፣ ተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ልጆቹ ሲመለሱ ውኃው ገና ቁርጭምጭሚት ነበር ይላሉ። ተራ በተራ ተሻገሩ፣ እሱ ጭራሮው ተፈትቶበት ወደ ኋላ ቀረ። ዞር ሲሉ ውኃው ሌላ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ደምሌ፣ ባሌ፣ ከመጠለያው ወንዶች ጋር ወንዙን ይዞ ወረደ። እኔም ወረድኩ። እስኪመሽ ስሙን ጠራን፣ በማግስቱም፣ በሠልስቱም። የውኃው ድምፅ ነው የሚመልስልን።

አስካለ፦ ለፖሊሶቹ ስለ ኮፍያ ይንገሩልኝ ያልሽኝ ተገኝቶ ነው? ማን አገኘው?

ስመኝ፦ ከታች ያሉ ገበሬዎች። ገደሉ ሥር አንድ ልጅ አገኘን አሉ። መልኩ... መልኩ የሚለይ አልነበረም አሉ። ልብሱንም ውኃው ወስዶታል። ማሰሪያው ስለያዘው ነው ኮፍያው ብቻ የቀረው። ማደር የሚችል አይደለም ብለው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት፣ ኮፍያውን ለፖሊስ ሰጡ። ደምሌ ተጠርቶ ሄደ፣ አየ፣ ተመለሰ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ ያን አይተው አወቁ። እያለቀሱ መጡ። አስወጣኋቸው።

አስካለ፦ ለምን?

ስመኝ፦ ልጄ ላይ ለምን ታሟርታላችሁ አልኳቸው። ኮፍያ እንደሆነ ልጆቹ ሁሉ ለብሰዋል። ነጭ ላይ ሰማያዊ ጥለት። አንዱ ከአንዱ በምን ይለያል? የሌላ ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሌላ ሰው እንዲሆን እየለመንኩ ነው ያለሁት።

አስካለ፦ ሌላ የጠፋ ልጅ አለ?

ስመኝ፦ እስካሁን አልሰማሁም። ግን ኮፍያው አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

አስካለ፦ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ያለን ሴቶች አንድ ዓይነት ነው የምንሠራው። ጥለቱ ቀላል ነው፣ ዓይኔ የደከመብኝ እኔ እንኳ እሠራዋለሁ።

ስመኝ፦ ይኸው! እሱን ነው የፈለግኩት። አሁን እንደነገሩኝ አድርገው ለደምሌ ይንገሩልኝ።

አስካለ፦ ነገርኩት እንበል። ከዚያስ?

ስመኝ፦ ከዚያማ እቆያለሁ። መጠለያውን ሊያነሱት ነው፤ ሐሙስ አውቶቡስ ይመጣል፣ ወደ አዲሱ ሰፈራ ሁላችሁም ትሄዳላችሁ ተብለናል። ደምሌ ዕቃውን አስሯል። እኔ አልሳፈርም አልኩት። ልጁ ተመልሶ ቢመጣ ባዶ ሜዳ ነው የሚጠብቀው። እናቱ የት እንደሄደች ማንን ብሎ ይጠይቃል?

አስካለ፦ ሌላ ልጅ የለሽም?

ስመኝ፦ ሴት አለችኝ፣ ገና ጡት አልጣለችም። ደምሌ እሷን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንቺ ቅሪ አለኝ። ተናዶ ነው። ልጅቱ ጡት ፈልጋ እያለቀሰች፣ እኔ ወንዝ ዳር ውዬ ስለምመለስ ነው። ጡቴም እየደረቀ ነው መሰለኝ።

አስካለ፦ ስመኝ፣ አንድ ነገር ላውጋሽ። እኔ ታላቅ ወንድም ነበረኝ፣ አየለ የሚባል። ወደ ሰሜን ዘመተ፣ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ጓደኛው ነኝ የሚል አንድ ወታደር መጥቶ ለእናቴ ሳልዋሽ ልንገርሽ፣ ያለበትን ምሽግ መድፍ አግኝቶታል፣ እኔ ግን አስከሬን አላየሁም አላት። እሷ የመጨረሻዋን ብቻ ሰማች። አላየሁም ያለውን።

ስመኝ፦ ታዲያ ምን አጠፋች?

አስካለ፦ ምንም። አልጋውን ከቦታው እንዳናነሳ ከለከለች። እኔ ስዳር ልጄ ሳይኖር በቤቴ ዘፈን አይሰማም ብላ፣ እንደ ሌባ ተደብቄ ነው ከቤት የወጣሁት። በኋላ ለመንገድ ተብሎ ቤቱ ሲፈርስ እኔ ዘንድ አመጣናት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየጠፋች እዚያው ፍርስራሹ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እናገኛታለን። አየለ መንገዱ ቢጠፋውስ ትለኛለች። መንገዱን ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ለምደዋት ነበር። ሴት ልጇ እኔ አጠገቧ አለሁ፤ ወልጄ፣ ታምሜ፣ ድኜ። አላየችኝም ስመኝ። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላየችኝም።

ስመኝ፦ እና እርስዎም እርግፍ አድርገሽ ተዪው ሊሉኝ ነው።

አስካለ፦ እኔ ምንም አላልኩም። ኮፍያውን አምጥተሻል?

ስመኝ፦ ምን ያደርግልዎታል? ብዙ ሠርተናል አሉኝ እኮ።

አስካለ፦ ብዙ ሠርተናል። የእጄን ሥራ ግን ሳላይ ለፖሊስ ምን ብዬ እናገራለሁ? ብብትሽ ሥር የያዝሽው እሱ አይደል?

ስመኝ፦ ደምሌ ፖሊሶቹን ለምኖ ተቀብሏቸው ነው። አላጠብኩትም። ጭቃው እንዳለ ነው።

አስካለ፦ ስጪኝ። ቀስ ብዬ ነው የምይዘው። መነጽሬን ልፈልግ።

ስመኝ፦ ከውጭ ይዩት። ለምን ይገለብጡታል?

አስካለ፦ የሹራብ ነገር የሚታወቀው በውስጡ ነው። ክሩ ከየት ተነስቶ የት እንደተቋጠረ እዚያ ይታያል።

ስመኝ፦ እትዬ አስካለ?

አስካለ፦ ቆይ።

ስመኝ፦ ይበሉ እንጂ። ብዙ ነው፣ እንደዚህ ዓይነቱ ብዙ ነው ይበሉ።

አስካለ፦ እዚህ አናቱ ጋ፣ ጭቃውን በጥፍሬ ሳነሳው፣ አየሽው? አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው ክር አልቆብኝ ነበር። ሱቅ ብልክም አልተገኘም፣ ማደሉ ደግሞ በማግስቱ ነው። የራሴን አሮጌ ሹራብ እጅጌ ተርትሬ በእሱ ጨረስኩት። ማንም አያየውም፣ አናቱ ላይ ነው ብዬ። እንዲህ ያለ ሌላ አልሠራሁም።

ስመኝ፦ "እማ፣ አናቴ ላይ ሣር በቀለ" ይለኝ ነበር። ጎንበስ እያለ ያሳየኛል። እስቲ ዛሬስ አድጓል ወይ፣ እዪልኝ ይለኛል። አድጓል እለዋለሁ።

አስካለ፦ ታውቂው ነበር እንግዲህ።

ስመኝ፦ ደምሌ ከኪሱ ሲያወጣው ነው ያወቅኩት። ጭቃ ነው አልኩ ለራሴ። ቅጠል ተጣብቆበት ነው አልኩ። የሠሩት እርስዎ ብዙ ነው ካሉኝ ግን አምን ይሆናል ብዬ መጣሁ። አንዴ ቢዋሹልኝ ምን ነበረበት?

አስካለ፦ ልዋሽልሽ አስቤ ነበር። የይታያል እናት ነኝ ስትዪ፣ ፊትሽን ሳይ፣ ሂጂ ልጄ፣ ብዙ ነው ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጡት ያልጣለች ልጅ አለችኝ አልሽኝ።

ስመኝ፦ ማሰሪያው ጠንካራ ነበር።

አስካለ፦ እኔ ነኝ ያሰርኩት።

ስመኝ፦ ለዚያ አይደለም ያልኩት። ባይታሰርማ እሱም ባልታወቀ ነበር። ስም የሌለው ልጅ ሆኖ ይቀር ነበር።

አስካለ፦ የቀበሩት ሰዎች ስም አልሰጡትም?

ስመኝ፦ በምን ያውቁታል? የክርስትና ስሙን የምናውቀው እኔና ደምሌ ነን። ቄሱ ያለ ስም ነው አሉ ፍትሐት ያደረሱለት።

አስካለ፦ ቦታው ሩቅ ነው?

ስመኝ፦ ደምሌ ያውቀዋል። ሐሙስ ሳይደርስ እንሂድ፣ ቄሱ በስሙ ይፍቱት እያለ ሲለምነኝ ነው የሰነበተው። ጀርባዬን ሰጠሁት። እሱም እኮ አላለቀሰም እትዬ አስካለ። እኔ እየከለከልኩት ብቻውን የት ሄዶ ያልቅስ?

አስካለ፦ ነገ በጠዋት እንሄዳለን። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ የማኅበሩንም ሴቶች እነግራቸዋለሁ። ሰው የሌለው ልጅ አይምሰል።

ስመኝ፦ ሰው እንዳለው ይወቅ።

አስካለ፦ ያውቃል። አሁን ወደ ደምሌ ልውሰድሽ። መሄድ ትችያለሽ?

ስመኝ፦ እችላለሁ። ብቻ ነጠላዬን ያዘቅዝቁልኝ።