ሰዓቱን የሞላው እጅ

እኛ ቤይሩት በገባንበት ጊዜ፣ ልጆች፣ እንደናንተ ስልክ የለ፣ ግሩፕ የለ፣ ከተበደልሽ ራስሽ አፍ አውጥተሽ መናገር ነው። ስሙኝማ።

መዝረዓ የሚባል ሰፈር ነው የምሠራው፣ ሚስተሬ፣ አሠሪዬ፣ ሰዓት ሠሪ ነው፣ ሱቁ ከቤቱ ሥር። ታዲያ ይኼ ሰውዬ ባትሪ የሌለው፣ ራሱን በራሱ የሚሞላ አዲስ ዓይነት ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ውስጡ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ብረት አለ፣ እጅሽ ሲነቃነቅ ይዞራል፣ ሲዞር ሞላውን ያጠብቀዋል። የሚሠራው ለአንድ ጡረታ ለወጣ ዳኛ ነው፣ ዳኛው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው፣ ሰዓት ሁሉ እየቆመበት ተማሯል። ሚስተሬ ደግሞ "የኔ አይቆምም!" ብሎ ምሎለታል።

እና የት ሞከረው? በኔ እጅ! "እሰሪው፣ ያኒ፣ ሥራሽን ሥሪ" አለኝ። አሰርኩት። ወለል በክሎር ስወለውል፣ ምንጣፍ ሳራግፍ፣ መስኮት ሳጸዳ፣ ወላሂ ወር ሙሉ አንዴም አልቆመ! ሚስተሬ ደስታውን አልቻለም፣ ወስዶ ለዳኛው ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ዳኛው በሹፌሩ መልሶ ላከው፣ ቆሟል።

ማዳሜ፣ ሚስቱ፣ ብድግ አለች። "ይቺ ናት! ክሎር ውስጥ ነክራዋለች! ኸላስ፣ ነገ ወደ መክተብ ትመለሳለች!"

መክተብ ያስመጣኝ ቢሮ ነው፣ እዚያ የተመለሰች ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃላችሁ፣ ወይ ዱላ ነው፣ ወይ የማታውቀው ቤት መወርወር። ፈራሁ፣ ልዋሻችሁ? ግን ደግሞ ደሜ ፈላ።

"አልሄድም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"አልሄድም፣ ማዳም። ሰዓቱን ዛሬ አንቺ እሰሪው፣ ነገ እኔ። በኔ እጅ ከቆመ ሻንጣዬን ራሴ አወጣለሁ።"

ሚስተሬም "ምን ቸገረሽ፣ እሰሪው እንጂ" አላት፣ ትንሽ ነቅንቆ አስነሳውና ሰጣት። አሰረችው፣ ሶፋዋ ላይ ጋደም አለች። "ዘሃራ፣ ውኃ!" "ዘሃራ፣ ሪሞቱን!" ሪሞቱ እኮ አጠገቧ ነው! እኔ እየሮጥኩ አቀብላለሁ፣ ልቤ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ምሳ ከበላች በኋላ ቀጥ! በማግስቱ እኔ አሰርኩት፣ እንደ ልማዴ ስሠራ ዋልኩ። አውልቄው አደረ፣ ጠዋትም ይሄዳል።

ሚስተሬ ራሱን ያዘ። "ያ አላህ! መቀመጥ በማታውቅ ሰው እጅ ሞክሬ፣ ከወንበር ለማይነሳ ሰው ሰጠሁት!" እና ፈታታው፣ የብረቱን ጠርዝ አከበደው፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲዞር እንዲሞላ አደረገው። "አሁንስ በማን ልሞክረው?" ሲል፣ "በማዳም" አልኩት፣ ቅንጣት ሳላፍር።

(አንዷ ልጅ፦ "ማዳምስ ይቅርታ አለችሽ፣ እትዬ ዘሃራ?")

ይቅርታ? "ፓርዶን" አለች፣ ፊቷን አዙራ፣ ወዲያው ደግሞ "ያላ፣ ወለሉን!" የተስተካከለው ሰዓት እጇ ላይ ነው። እኔም መወልወያውን ዘረጋሁላትና "እንዳይቆምብሽ፣ ማዳም፣ ዛሬ አንቺ ወልውይው" አልኳት። (ትስቃለች) ሚስተሬ ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷማ አልነካችውም፣ እኔው ወለወልኩ። ግን እዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ፣ መክተብ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፏ አልወጣም።